የጾም ራት እስከ ዶሎ

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ብዙ ነገር አትጠይቅም። ባለፈው ዓመት የሁዳዴ ጾም ሊገባ ሲል ግን አንድ ነገር ያዘች። «አስካለን አምጪልኝ። ፋሲካን ከጎኔ ሆና ታስፈታኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አለችኝ። አስካለ ታናሽ እኅቴ ናት። ወታደር አግብታ ወደ ነገሌ ቦረና ከወረደች ወዲህ ደብረ ብርሃንን አልረገጠችም። ልጆች ወልዳለች፤ አንዱንም አላየንም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን አገር የማውቀው ደንበኞቼ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። አሁን ግን ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ለልክ የሚመጣው ሁሉ «እዚያ እንዴት ነው? ምን ይበላሉ?» እያለ ሥራ ቢያስፈታኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል አልኩ። ስለ ምግብ አበዛሽ የሚለኝ ካለ በጾም ረጅም መንገድ ሄዶ ይሞክረው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ተራራውን ሳይሆን ራቱን ነው የሚያስበው። በዚያ ላይ ተስያለሁ። አንዲት ጠብታ ቅቤ ሳላስነካ ጾሜን ጨርሼ እኅቴን ይዤ ከተመለስኩ ለማርያም ጃንጥላ አስገባለሁ ብያለሁ። እናቴን ለአክስታችን ልጅ አደራ ሰጥቼ፣ ዳቦ ቆሎዬን ቋጥሬ ወጣሁ።

ሰኞ ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ እስከ ሻሸመኔ ድረስ አቧራ አበላን። መቼም አቧራ ጾም አያስፈታም። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት በጦርነቱ ጊዜ መጥቶ የቀረ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት አልበላም ስለው «ፎርማጆስ?» አለኝ። አይብም የወተት ልጅ ነው ብዬ ከለከልኩት። ሰውዬው ለቅሶ እንደተነገረው ሰው ትከሻውን ጥሎ ወደ ማድ ቤት ገባ። ያመጣልኝ ፓስታ ግን ግሩም ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠበስ አድርጎ፣ ቲማቲም ጨምሮ፣ እኛ አድርቀን ለሽሮ የምናስፈጨውን በሶብላ እርጥብ ቅጠሉን በጣጥሶ ከላይ ነስንሶበታል። እኔም ደስ ብሎኝ እንጀራ አምጡልኝ አልኩ።

አስተናጋጇ ደነገጠች። ሽማግሌው ወደ ጓሮ ወጣ። ተቀይሞ ቀረ ብዬ ስሳቀቅ፣ ከጎረቤት እንጀራ ይዞ መጣና ከፊቴ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ፓስታ በእንጀራ ተጠቅልሎ ሲበላ ማየት አይችልም አሉ። ስጨርስ ሻይ ይዞ ከአጠገቤ ተቀመጠና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። እኅቴን ላመጣ ነው አልኩት። እሱም በአገሩ በባሕር ጠረፍ የምትኖር እኅት ነበረችው፤ ዛሬ ትኑር ትሙት አያውቅም። የእሷ ፓስታ ከዚህ ይበልጣል አለኝ። ብርጭቆዬን አንሥቶ ሄደ።

ማክሰኞ ከወንዶ አልፈን ወደ ክብረ መንግሥት ስንጓዝ አገሩ ተለወጠ። የእኛ አገር ከፊት ለፊት ምንም ሳይከልልህ ነፋሱ ፊትህን የሚገርፍበት ሜዳ ነው። እዚህ ዛፉ ከመብዛቱ የተነሣ ሰማዩ እንደ ነጠላ ቀዳዳ እዚህም እዚያም ብቻ ይታያል። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወንዱም ሴቱም ወርደን ገፋን። እኔ ከመግፋቱ ይልቅ በመስመጡ ተሳካልኝ፤ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ረዳቱ በዱላ ፈልጎ አወጣልኝ እንጂ በባዶ እግሬ ልገባ ነበር።

በክብረ መንግሥት ማረፊያዋን የሰጠችኝ ወይዘሮ እሌኒ ትባላለች። በስሟ የመንዝ ሰው ስጠብቅ ግሪክ ሆና ተገኘች። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ይዟት መጥቶ እዚያው አርፏል፤ እሷ ቤቱን ይዛ ቀረች። ጾመኛ መሆኔን ስነግራት እኔም ጾመኛ ነኝ ብላ ሳመችኝ። ማታ አደንጓሬ ቀቅላ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም አልብሳ፣ ዘይቱን ሳትሰስት አፍስሳበት የዳቦ ምድጃ ውስጥ አስገባችው። ሲወጣ ዳሩ ቡናማ ሆኖ መሐሉ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ነበር። በቅቤ በመመሰሌ ማርያም ይቅር ትበለኝ። ከእሱ ጋር ከቆርቆሮ ያወጣችው ጨው ጨው የሚል ወይራ ፍሬ ቀረበ። እኛ ወይራን የምናውቀው ለማጠኛ ነው፤ እነሱ ይበሉታል።

ወይዘሮ እሌኒ ጾማቸው ከእኛ የሚለይበትን ስትነግረኝ ሳላስበው ማዕዱን ትቼ አፈጠጥኩባት። በደሴታቸው በጾም ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ይበላሉ፤ ደም ስለሌለው አያስፈታም አለችኝ። ደም ባይኖረውም ስምንት እግር ያለው ነገር የጾም ነው ብዬ ለንስሐ አባቴ ለመንገር ድፍረቱ የለኝም። እሷ ግን ስለሱ ስታወራ ድምጿ ሳሳ። በፍም ላይ ሲጠበስ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ በእንቅልፏ ይመጣባታል። የባሏን መቃብር ትታ መሄድ ስላልቻለች እንጂ አንድ ቀን ተመልሳ ብትሸተው ይበቃት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነገሌ ገባን። ዛፉ ሁሉ እያጠረና እሾህ እያበቀለ፣ አፈሩ እየቀላ፣ ሙቀቱ እየወፈረ መጥቶ ከተማው ሲደርስ ጋቢዬን ምን ላድርገው ብዬ ተቸገርኩ። የጦር ሰፈሩ መለከት ከሩቅ ይሰማል። ሰው ሰላምታ የሚሰጠው «አካም፣ ናጋ?» እያለ ነው፤ እኔም «ናጋ» ማለትን ቶሎ ለመድኩ። የአስካለን ቤት ጠይቄ ደረስኩና በሩን አንኳኳሁ። ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር አልነግራችሁም። የከፈተችልኝ ግንባሯ ላይ ሽሩባዋ የወረደ፣ በረጅም ጨርቅ የተጠቀለለች ህንዳዊት ናት።

እዚያው ደጃፍ ላይ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ አማርኛ አትችልም፤ እኔ የእሷን አልችልም። ገብታ ባሏን ጠራችው። የነገሌ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ሚስተር ቶማስ ይባላል። እንደ ኅብስት ቆራርሶ በሚናገረው አማርኛ፣ የእኅቴ ባል የባሻ ተሰማ ጦር ከዝናቡ በፊት ወደ ዶሎ መዛወሩን፣ ቤቱንም እነሱ እንደተከራዩት አስረዳኝ። ዶሎ ማለት ከነገሌ ወዲያ ነው፤ የሶማሊያ ጠረፍ። እኅቴ ሸሽታኝ የምትሄድ መሰለኝ።

ሚስቱ ማሪያማ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ያን ማታ ያበሰለችው ምስር ነው፤ የእኛው ምስር። ግን ዘይቱን አግላ የሰናፍጭ ፍሬ ስትጥልበት እንደ ቆሎ ተንጣጣ። እርድ፣ ደረቅ ቃሪያ፣ ከአገሯ በጣሳ ያመጣችው የተፈቀፈቀ ኮኮናት ተጨመረ፤ ከነጭ ሩዝ ጋር ቀረበ። በእጃቸው ነው የሚበሉት፤ ያን ሳይ ግማሽ ኀዘኔ ለቀቀኝ። ሚስተር ቶማስ እነሱም ከጥንት ጀምሮ ክርስቲያኖች መሆናቸውን፣ ከፋሲካ በፊትም ሃምሳ ቀን ከሥጋና ከወተት እንደሚጾሙ ነገረኝ። ማሪያማ የጣሳዋን ኮኮናት እየቆጠበች ነበር የምትጠቀመው፤ ለእኔ ግን ታችኛውን ጠርጋ ጨመረችልኝ። ባሏ ይህን ሲያይ አንድ ነገር በቋንቋቸው አላት፤ እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ምን እንዳላት ብጠይቀው፣ «ሌላ ጣሳ የለም አልኳት፤ እንግዳም ሁልጊዜ የለም አለችኝ» አለ።

ሐሙስ የሚሄድ መኪና ስለሌለ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። የወታደር ሚስቶች ከየአገሩ ናቸው፤ ጎጃሜ አለች፣ ትግሬ አለች፣ ወላይታ አለች። አስካለን ሁሉም ያውቋታል። አንዷ፣ አስካለ ከነገሌ ስትነሣ መኪናው ላይ ሆና እንዴት እንዳለቀሰች ነገረችኝ፤ እናቷን ቀብራ የምትሄድ ትመስል ነበር አለች። እውነቱን ልናገርና ቅናት ያዘኝ። ከእኛ ቤት ተድራ ስትወጣ እንዲያ አላለቀሰችም።

ዓርብ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ወደ ዶሎ መንገድ ጀመርኩ። ሾፌሩ ኢብራሂም ይባላል፤ የነገሌ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ቀትር ካለፈ በኋላ ጎማ ፈነዳ። ከመንገዱ ወዲህ ያለ የቦረና መንደር ሰዎች ከበቡን። አንዲት ጨዋ ባልቴት በተሸመነ እቃ ሙሉ ወተት ይዛ መጥታ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ጾም ነኝ አልኩ። ኢብራሂም «ሶማ» ብሎ ተረጎመላት። ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆረ። በእነሱ ዘንድ ወተት እምቢ ያለ እንግዳ ለከብቶቻቸው በጎ አይመኝም ተብሎ ይታሰባል፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። የዚያን ጊዜ ያየሁት ወተቷን ይዛ ስትመለስ ብቻ ነው።

ኢብራሂም ጎማውን እስኪቀይር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች፤ አሁን በእንጨት ሳህን ቡና ይዛለች። የሚጠጣ አይደለም፤ ፍሬው ከነገለፈቱ የተጠበሰ። ሰዓቱ ደርሷል፤ ቡና ደግሞ ጾም አያስፈታም። ያስቀየምኳትን ሴት ልክሳት ብዬ እፍኝ ሙሉ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ሳኝክ ቅባቱ ጉሮሮዬን አለሰለሰው። ሽታውም ጣዕሙም የማውቀው ነው። ኢብራሂምን ምን አለበት ስለው ጎማውን ሳይለቅ ሳቀ።

«ዳዳ ነዋ፤ ቅቤ። ቡና ያለ ቅቤ ይታረዳል እንዴ?»

እዚያ አገር ቡናን ያርዱታል ነው የሚሉት፤ ለክቡር እንግዳ በቅቤ ይጠብሱታል። ሴትዮዋ ወተት አልወድም ስላልኳት ከዚያ የሚበልጠውን አምጥታልኝ ነው። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ልተፋው? በእኛ አገር እንግዳ የጎረሰውን አይተፋም። ዋጥኩት። ስለቴ፣ ጃንጥላው፣ እናቴ ሁሉም በአንድ ጉርሻ ወረዱ። ሴትዮዋ ፊቷ ፈክቶ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ መረቀችኝ፤ ከምርቃቱ የገባኝ «ናጋ» የሚለው ብቻ ነው። ፊልቱ ከተማ ደርሰን ስናድር አንዲት የሶማሌ ሴት ሩዝ ብታቀርብልኝም አልበላሁም። ጾሜን አፍርሼ አስካለን የማገኝ አልመሰለኝም። የንስሐ አባቴ በኋላ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ስግደት ጨመሩብኝ እንጂ ያን ዕለት የሚስቅ ሰው ባገኝ እደባደብ ነበር።

ቅዳሜ ዶሎ ደረስን። ገናሌና ዳዋ የሚገናኙበት፣ ወንዙ ዳር ዘንባባ ያለበት፣ አየሩ ከምድጃ እንደሚወጣ እንፋሎት ያለ ከተማ ነው። ደብረ ብርሃን ሌሊት ውኃ የሚያረጋ ብርድ አለ ብል ማን ያምነኛል እዚያ? ኢብራሂም ከወታደሮቹ ቤቶች ደጃፍ አወረደኝ። አንዲት የቀጠነች፣ የጠቆረች፣ እንደ ሶማሌዎቹ በስስ ጨርቅ የተሸፈነች ሴት ውጭ ላይ ድስት ታማስላለች። አስካለ መሆኗን ያወቅሁት ድስቱን ስትገፋው ነው፤ የእናታችን አገፋፍ ነው። ስሟን ጠራሁ።

ዞረች። «እትዬ» አለች፤ ማማሰያዋን ከእጇ ሳትጥል መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጀርባዬ ላይ መረቅ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል፤ ማናችንም አልተላቀቅንም። ልጆቿ ከበር ላይ ሆነው ያዩናል፤ እርስ በርሳቸው በሶማልኛ ይንሾካሾካሉ። ስለ ቡናው ስነግራት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እሷንም በመጣች በመጀመሪያው ጾም እንዲሁ አስፈትተዋታል።

የዚያን ማታ ራታችን ከጎረቤቷ ከሐሊማ የተማረችው ነበር። አምቡሎ ይሉታል። ቀይ ትናንሽ ባቄላ የሚመስል እህል እስኪፈርስ ድረስ ቀስ ብሎ ይቀቀላል፤ ከዚያ የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል፤ ከዚያ፣ ማመን ትችላላችሁ ወይ፣ ስኳር ይነሰነስበታል። እኔ ወጥ ላይ ስኳር ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ከሚጣፍጡኝ ነገሮች አንዱ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ቢኖር እሰድበው ነበር። ሁለት ሳህን በላሁ። ልጆቹ እየሳቁ ያዩኛል። ባሻ ተሰማ ከሰፈሩ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና፣ አስካለን ለፋሲካ ይዤ ልሂድ ብዬ ስጠይቀው ቅር ሳይለው ሂዱ አለ፤ እሱ ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። አስካለም እመጣለሁ አለችኝ። ጾም ያፈረሰች ሴት እንዲህ ከተሰጣት የጾሙትማ ምን ይሰጣቸው ብዬ ተገረምኩ።

በማግሥቱ እሑድ የልጆቹን ልብስ አጠበች። ሰኞ ዕለት ልብሱ ገመዱ ላይ ደርቆ ቆየ። ማክሰኞም አላወረደችውም። ኢብራሂም ረቡዕ ማለዳ እንደሚመለስ ላከብኝ። የማክሰኞ ዕለት ወደ ማታ አምቡሎውን ለመሥራት አብረን እህል ስንለቅም፣ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«እትዬ፣ እኔ አልሄድም።»

ባልሽ ከልክሎሽ ነው ወይ አልኳት። አይደለም አለች። ልጆቹ ናቸው ወይ አልኩ። እነሱም አይደሉም።

«እማዬን ካየሁ አልመለስም። እዚያው እቀራለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ። ከዚያ ደግሞ እነዚህ ይናፍቁኛል፤ ሐሊማ ትናፍቀኛለች፣ ይኼ የሚያቃጥል ወንዝ ሳይቀር ይናፍቀኛል። ናፍቆቱ መቼም አይቀርልኝም፤ የለመድኩትን ልያዝ።»

ተቆጣሁ። እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው አልኳት፤ ዓይኗ ነው የደከመው፣ ልቧ አይደለም አልኳት። ሌላም ብዙ አልኩ። አስካለ እህሉን መልቀሙን አላቆመችም። እንባዋ ሰፌዱ ላይ ሲንጠባጠብ ሳይ ተነሣሁ። ልብሱን ከገመዱ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ አጣጥፌ ሳጥናቸው ውስጥ መለስኩት። ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ከረጢት ቀይ እህልና በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት አስቀመጠች። «ለእማዬ ሥሪላት። ቀስ ብለሽ ቀቅይው፤ አታቻኩይው» አለችኝ። ኢብራሂም መኪናውን ሲያስነሣ ልጆቹ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እሷ ቤት ገብታ ነበር።

የመመለሻው መንገድ ራት ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ማሪያማ ጋ አድሬያለሁ፣ ወይዘሮ እሌኒ ጋ አድሬያለሁ፤ ሁለቱም ብቻዬን ሲያዩኝ ምንም ሳይጠይቁ አቀረቡልኝ፣ በላሁ።

በየመንገዱ መኪና ስጠብቅ ሰንብቼ ደብረ ብርሃን የደረስኩት የሆሳዕና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ደጁ ሲከፈት ቀና አለች። እንድገባ ጠበቀች፤ ከኋላዬም የሚገባ ካለ ጠበቀች።

«የአንድ ሰው ኮቴ ነው» አለች።

ልጆቹ ትንሽ ጠና ይበሉ ብላ ነው፤ ለከርሞ ትመጣለች አልኳት። እሺ አለች። ስለ መንገዱ አልጠየቀችኝም፤ ስለ አስካለ ጤና ጠየቀችኝ። ደህና ናት አልኩ፤ ትንሽ ጠቁራለች። ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ የአስካለን እህል ጣድኩ። አላቻኮልኩትም። ሲፈርስ የሰሊጥ ዘይቱን አፈሰስኩበት፣ ስኳሩን ነሰነስኩበትና በሳህን አድርጌ ለእናቴ በማንኪያ አቀረብኩላት። አስካለ የላከችልሽ ራት ነው አልኳት።

እናቴ አንድ ማንኪያ ወሰደች። ለረጅም ጊዜ አላመጠች።

«ስኳር አለበት» አለች።

«አዎ፣ እዚያ እንደዚህ ነው የሚበሉት።»

«ራሷ ናት የምትሠራው?»

«ራሷ ናት።»

«ልጆቹ ይወዱታል?»

«ከዚህ የሚበልጥባቸው የለም» አልኩ።

እናቴ ሌላ ማንኪያ ወሰደች፤ ሌላም። እየበላች ሳለ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ «እንግዲህ አትመጣም» አለች።

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። የበቃት መስሎኝ ላነሣው ስል እጄን ያዘች።

«ጨምሪልኝ እንጂ» አለችኝ።